«ምንም አይፈጠርበትም» የሚባለው ልብ ወለድ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ዝግ ያለ፣ የሚያሰላስል ልብ ወለድ ብዙ ጊዜ ሰው እጅ የሚገባው በአጋጣሚ ነው። ጓደኛ «ግድ የለህም አንብበው» ብሎ ይሰጣል። ወይም የንባብ ቡድን ይመርጠዋል። ተቀባዩ የጀርባውን ሽፋን ያያል፤ አንድ ሽማግሌ ያለፈ ሕይወቱን ያስታውሳል ይላል። በቃ? ግድያ የለ፣ ማሳደድ የለ። ለይሉኝታ ያህል ይጀምረዋል። ከዚያ መሃል ላይ ሲደርስ መጽሐፉን ማስቀመጥ ያቅተዋል። አንባቢ እንዲህ ሲገረም ማየት በጣም ደስ ይለኛል። ችግሩ፣ ብዙ ሰው እዚያ ሳይደርስ የሚያስቆሙት ግምቶች አሉ።

«ምንም አይፈጠርበትም»

ዋናው ይህ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ልብ አንጠልጣይ ታሪክ ላይ ድርጊቱ በዓይን ይታያል። በር ይሰበራል፣ ሰው ይሮጣል። ዝግ ያለ ልብ ወለድ ላይ ድርጊቱ ያለው ሰውዬው በሚናገረውና በሚደብቀው ነገር መካከል ነው።

የካዙኦ ኢሺጉሮን «ዘ ሪሜይንስ ኦፍ ዘ ዴይ» እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1989 ወጥቶ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እ.ኤ.አ. ናቸው) በዚያው ዓመት ቡከር የተባለውን ታዋቂ የልብ ወለድ ሽልማት አግኝቷል። ተራኪው ስቲቨንስ ይባላል፤ በአንድ ትልቅ የእንግሊዝ መኳንንት ቤት የአገልጋዮች አለቃ ነው። በ1956 የአሠሪውን መኪና ተውሶ ለጥቂት ቀናት ይጓዛል። በመንገዱ ላይ ያለፈውን ያስታውሳል። ላይ ላዩን ታሪኩ ይኸው ነው።

ከትዝታዎቹ አንዱ የ1923 ነው። ቤቱ ውስጥ ትልቅ ዓለም አቀፍ ስብሰባ እየተካሄደ ነው። አባቱም እዚያው ቤት አገልጋይ ነው፤ ፎቅ ላይ ተኝቶ ያጣጥራል። ስቲቨንስ ታች ለእንግዶቹ መጠጥ ይቀዳል። ስለ ሐዘኑ አንዲት ቃል አይነግረንም። መስተንግዶውን ብቻ ይተርካል። አንድ ወጣት እንግዳ ደህና መሆኑን ይጠይቀዋል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ የቤቱ ጌታ ስቲቨንስን «የምታለቅስ ትመስላለህ» ይለዋል። ስቲቨንስ ሳቅ ብሎ መሐረቡን ያወጣል፣ ፊቱን ጠረግ ጠረግ ያደርጋል፣ የቀኑ ድካም ነው ብሎ ያልፋል። ልብ በሉ፤ ሁሉንም ነገር የሚነግረን እሱ ራሱ ሆኖ ሳለ፣ ማልቀሱን የሰማነው ከሌላ ሰው አፍ ነው። እዚህ ቦታ ላይ አንባቢ ክው ይላል። እስካሁን ሌላ ምን ደብቆኛል ብሎ ገጾቹን ወደ ኋላ ይገልጣል። ከዚህ በላይ ምን ይፈጠር?

«ደራሲው ሴራ መጎንጎን ስለማይችል ነው»

በጭራሽ። የስቲቨንስን እንባ ለመደበቅ ደራሲው ማን ምን እንደሚያይ፣ ማን መቼ እንደሚናገር ቀድሞ ማቀድ አለበት። መረጃ መስጠት ቀላል ነው። መረጃን በትክክለኛው ሰዓት ይዞ መቆየት ግን ትልቅ ሙያ ይጠይቃል።

«መጨረሻውን ካወቅኩት ምን ቀረኝ?»

የጆን ዊልያምስ «ስቶነር» (1965) መልሱን በመጀመሪያው አንቀጽ ይሰጣል። ዊልያም ስቶነር በ1910 ዩኒቨርሲቲ ገባ፣ እዚያው አስተማሪ ሆነ፣ በ1956 እስኪሞት ድረስ አስተማረ፣ ከፍ ያለ ማዕረግ አላገኘም፣ ያስተማራቸውም ብዙ አያስታውሱትም። ደራሲው የሰውዬውን ዕድሜ ልክ ገና ከመነሻው ዘረገፈው። ከዚያ በኋላ ያሉት ገጾች ለምን ይነበባሉ? ያንን ሰው በቅርብ ስለምናውቀው ነው። አንድ የገበሬ ልጅ ግብርና ሊማር ሄዶ የሥነ ጽሑፍ ክፍል ውስጥ አንድ ግጥም ይሰማል፤ አስተማሪው ትርጉሙን ሲጠይቀው መልስ ጠፍቶት ዝም ይላል። ሕይወቱ የሚቀየረው በዚያች ዝምታ ነው። «ቀጥሎ ምን ይሆናል?» የሚለው ጥያቄ ይቀርና «እንዴት ቻለው?» የሚለው ይተካል። ለእኔ ሁለተኛው ጥያቄ ይበልጥብኛል፤ መጽሐፉን ከዘጋሁ በኋላም አይለቀኝም።

«ጥሩ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ሰው ያውቀው ነበር»

ያው «ስቶነር» በወጣበት ጊዜ የተሸጠው 2,000 ቅጂ ገደማ ብቻ ነው። ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ጠፋ። እንደገና ታትሞ፣ በ2011 በፈረንሳይኛ ከወጣ በኋላ ግን አውሮፓ ውስጥ በሰፊው ተሸጠ። ወሬውን ያዛመቱት አንብበው ለወዳጆቻቸው የነገሩ ሰዎች ነበሩ። ደራሲው ይህን አላየም፤ በ1994 አርፏል። ይህ ባሰብኩት ቁጥር ያሳዝነኛል።

«ለምሁራን የተጻፈ ነው፤ ረጅምና ከባድ ነው»

የክሌር ኪገን «ስሞል ቲንግስ ላይክ ዚዝ» (2021) መቶ ምናምን ገጽ ናት። ባለታሪኩ በ1985 አየርላንድ ውስጥ የድንጋይ ከሰል የሚሸጥ ነጋዴ፣ የሴት ልጆች አባት ነው። የገና በዓል ሊደርስ ሰሞን ከሰል ለማድረስ ወደ አንድ ገዳም ይሄዳል፤ ከሰል ማከማቻው ውስጥ የተቆለፈባት ልጅ ያገኛል። ከዚያ በኋላ ያለው ጥያቄ አንድ ነው፦ አይቶ ዝም ይበል ወይስ አይበል? ቋንቋው ለማንም የሚገባ ነው። ይህን ለመረዳት ዲግሪ አያስፈልግም፤ እያወቁ ዝም ማለት ምን እንደሚመስል ማወቅ ይበቃል። በ2024 ቡከርን ያሸነፈው የሳማንታ ሃርቪ «ኦርቢታል»ም አጭር ነው። ስድስት ጠፈርተኞች በአንድ ቀን ውስጥ ምድርን 16 ጊዜ ሲዞሩ ያሳየናል፤ ጠፈርተኞቹ ላይ የሚደርስ አደጋም የሚያሳድዳቸው ጠላትም የለም።

«ገረፍ ገረፍ አድርጌ ብጨርሰውስ?»

ይቻላል፣ ግን ዋናው ነገር ያመልጣል። የቨርጂኒያ ዉልፍ «ቱ ዘ ላይትሃውስ» (1927) ውስጥ ከሁሉም የምትወደድ ገጸ ባሕርይ አለች፤ ወይዘሮ ራምዚ። የእሷ ሞት የሚነገረን በቅንፍ ውስጥ በገባች አንዲት ዓረፍተ ነገር ነው፤ ያውም ባሏ እጁን ዘርግቶ ሲያጣት። የዘለለ አንባቢ ሴትዮዋ የት እንደገባች ሳያውቅ ይቀጥላል። እንዲህ ያለ መጽሐፍ በስልክ መልእክት መሃል፣ አምስት አምስት መስመር እየተቆረሰ አይሆንም። አንድ ምዕራፍ በአንድ ቁጭታ ስጡት። ዓረፍተ ነገሩ ከረዘመባችሁ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት፤ ትንፋሹ ያኔ ይገባችኋል።

«ካልወደድኩት ችግሩ እኔ ጋ ነው»

ይህንንም አልቀበለውም። ዝግ ማለት በራሱ ጥራት አይደለም። ዝም ብለው የሚያዛጉ፣ ሐዘንን በጌጠኛ ቃል የሚያለብሱ፣ ውስጣቸው ባዶ የሆኑ ዝግ ያሉ መጻሕፍት ሞልተዋል። ልዩነቱን ለማወቅ መሃሉን ገልጣችሁ አንድ ገጽ አንብቡ። አንድ ሰው፣ አንድ እጅ፣ አንድ ክፍል በደንብ የታየበት ነገር አለ? ወይስ ስለ ሕይወት በጥቅሉ ይሰብካል? ሁለተኛው ከሆነ ያለ ምንም ጸጸት ወደ መደርደሪያው መልሱትና ሌላ አንሱ።