ዞራን ራድሚሎቪች «የመጣለትን ነበር የሚናገረው» ለምትሉ

ትወና በማስተምርበት ክፍል የሰርቢያዊው ተዋናይ የዞራን ራድሚሎቪች ስም በተነሳ ቁጥር አንዱ ተነስቶ «እሱኮ ጽሑፍ አያጠናም ነበር» ይላል። ይህን መስማት ሰልችቶኛል። ቀላል ቀላሉን ስህተት በቅድሚያ ላንሳ።

የቤልግሬድ ተወላጅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1933 የተወለደው በምሥራቅ ሰርቢያ፣ ዛዬቻር ውስጥ ነው፤ የከተማዋ ቲያትር ቤትም ዛሬ በስሙ ይጠራል።

ታዋቂ ያደረገው ፊልም ነው የሚሉም አሉ። በ1982 «የማራቶን ሯጮች የክብር ዙራቸውን ይሮጣሉ» በተባለው ፊልም የመቃብር ዘራፊዎች አለቃ የሆነውን ቢሊ ፒቶንን በመጫወቱ ይበልጥ ታውቋል። ግን ከዚያ ብዙ ዓመት በፊት ቤልግሬድ በሚገኘው አቴልዬ 212 በተባለ ቲያትር ቤት በመድረክ ተውኔት ንጉሥ ኡቡ የተባለውን ገጸ ባሕሪ ሆኖ ሲጫወት ሕዝቡ ወዶት ነበር። 212ም የቤት ቁጥር አይደለም፤ ቲያትር ቤቱ በ1956 ሥራ ሲጀምር የነበሩት ወንበሮች ብዛት ነው።

አሁን ወደ ዋናው። ዱሻን ኮቫቼቪች የጻፈው «ራዶቫን ሦስተኛው» የተባለው ተውኔት፣ ራድሚሎቪች ዋናውን ገጸ ባሕሪ ራዶቫንን ሆኖ እየተጫወተ፣ በ1973 መድረክ ላይ ወጣ። ራድሚሎቪች ከጽሑፉ እየወጣ ይጨምር እንደነበር እውነት ነው። የዕለቱን ወሬ ያስገባል፣ ታዳሚውን ያናግራል። ግን ጭማሪው ከየት ነበር የሚመጣው? ራዶቫን ከገጠር መጥቶ ፎቅ ቤት ውስጥ የሚኖር፣ ጆርጅ በሚባል የቴሌቪዥን ጀግና ልቡ የጠፋ፣ የቪሎቲች ቤተሰብን አጥብቆ የሚጠላ ሰው ነው። ልጁ ያረገዘችው ከዚያ ቤተሰብ ስለሆነ እንዳትወልድ ከልክሏት እርግዝናው ዓመታት ቆይቷል! እንዲህ ያለ ሰው በሁሉ ነገር ላይ አስተያየት አለው። ስለዚህ የሚጨመረው ነገር ሁሉ በራዶቫን አፍ፣ በራዶቫን ቁጣ ይነገራል። አብረውት የሚጫወቱት ወዴት እንደሚመለስ ባያውቁ ኖሮ ያ ትርኢት 299 ጊዜ መታየት አይችልም ነበር።

አንድ ተማሪዬ በእሱ ስም እየማለ ልምምድ ይቀር ነበር። በፈተናው ቀን መሃል ላይ ስለ ታክሲ ሰልፍ ቀልድ ጨመረ፤ ሰው ሳቀ። ሻይ ልታቀብለው የነበረችው ልጅ ግን የምትጠብቀውን ቃል ስላልሰማች ሲኒውን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ትዕይንቱ እዚያው ሞተ። ያ ልጅ ከራድሚሎቪች የወሰደው ሳቁን ብቻ ነበር።

እንደ እሱ መጨመር የምትፈልጉ ከሆነ፦ ቃለ ተውኔቱን ከእንቅልፋችሁ ብትቀሰቀሱ እስክትሉት አጥኑ። ገጸ ባሕሪው ምን እንደሚጠላ እወቁ። ከጓደኛችሁ ጋር መመለሻ ቃል ተስማሙ፤ ቀልዱ የቱንም ያህል ቢያስቅ ያንን ቃል አትብሉት። ጭማሪውን ደግሞ መጀመሪያ ልምምድ ላይ፣ አዘጋጁ ባለበት ሞክሩት።