ትሪፕል ኤክስፓንሽን ሞተር ምንድን ነው?

ትሪፕል ኤክስፓንሽን ሞተር ከቦይለር (ውሃ ከሚፈላበት ዝግ ጋን) የወጣ እንፋሎት በሦስት ሲሊንደሮች (ቱቦ መሰል ክፍሎች) ውስጥ በተራ እየሰፋ፣ በውስጣቸው የሚመላለሱትን ፒስተኖች የሚገፋበት የእንፋሎት ሞተር ነው። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የእንግሊዝ የጭነት መርከቦች በረጅም የባሕር መስመሮች ላይ ሸራን እንዲተኩ ያስቻለው ከሁሉ በላይ ይህ ሞተር ይመስለኛል፤ ያስቻለውም በፍጥነቱ ሳይሆን ድንጋይ ከሰል በመቆጠቡ ነው።

የቀደሙት የእንፋሎት መርከቦች ብዙ ከሰል ይፈጁ ነበር። ለሩቅ ጉዞ የሚጫነው ከሰል የሸቀጡን ቦታ ስለሚይዘው፣ መንገደኛና ፖስታ ከማመላለስ አልፈው እንደ ሱፍና ሻይ ያለውን ጭነት ወደ ሩቅ አገር አጓጉዘው ለማትረፍ ይቸገሩ ነበር። የሊቨርፑሉ መሐንዲስና የመርከብ ባለቤት አልፍሬድ ሆልት፣ እንፋሎቱን ሁለት ጊዜ የሚያሠራ ሞተር የተገጠመላትን አጋሜምኖንን እ.ኤ.አ. በ1866 ወደ ቻይና ሲልክ፣ መርከቧ ከሊቨርፑል እስከ ሞሪሺየስ ያለውን 8,500 ማይል ያህል ርቀት ከሰል ሳትሞላ መጓዝ ትችል ነበር።

ሁለት ጊዜ ማሠራት ይህን ያህል ከጠቀመ፣ ሦስተኛው ለምን አስፈለገ? እንፋሎት ሲሰፋ ይቀዘቅዛል፤ የሲሊንደሩም ግድግዳ አብሮ ይቀዘቅዛል። ቀጥሎ የሚገባው ትኩስ እንፋሎት ፒስተኑን ከመግፋቱ በፊት ግድግዳውን ያሞቃል፣ ከፊሉም እዚያው ውሃ ሆኖ ይቀራል፤ ለዚያ የተቃጠለው ከሰል ባከነ ማለት ነው። የቦይለሩ ግፊት በጨመረ ቁጥር በመግቢያውና በመውጫው መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ስለሚሰፋ ብክነቱም ይብሳል። መስፋፋቱ ለሦስት ሲከፈል ግን እያንዳንዱ ሲሊንደር የሚደርስበት የሙቀት መለዋወጥ ጥቂት ይሆናል፣ ብክነቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል።

ሞተሩ ከፍተኛ ግፊት የሚችል ቦይለር ይጠይቃል። ስኮትላንዳዊው መሐንዲስ አሌክሳንደር ካርኔጊ ከርክ እ.ኤ.አ. በ1874 ፕሮፖንቲስ በተባለች መርከብ ላይ ሦስት ደረጃ ያለው ሞተር ገጥሞ ነበር፤ ሙከራውን ያሰናከለው ሞተሩ ሳይሆን ቦይለሮቹ ናቸው። ከብረት ይልቅ የአረብ ብረት ቦይለር መሥራት ሲቻል ግን፣ በግላስጎው የሚገኘው የሮበርት ኔፒየር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1881 የከርክን ሞተር የያዘችውን አበርዲን የተባለች መርከብ ሠራ። የቦይለሮቿ ግፊት በካሬ ኢንች 125 ፓውንድ ሲሆን፣ ይህም ከአጋሜምኖን በእጥፍ ይበልጣል።

የአበርዲን ሦስት ሲሊንደሮች ስፋት (ዲያሜትር) 30፣ 45 እና 70 ኢንች ነበር። ልዩነቱ ያለ ምክንያት አልነበረም፤ እንፋሎቱ ሲሰፋ ግፊቱ ስለሚወርድ፣ የተዳከመው እንፋሎት ከመጀመሪያው ጋር የሚመጣጠን ሥራ እንዲሠራ ሰፊ ፒስተን ያስፈልገዋል፤ የሦስተኛው ፒስተን ገጽ ከመጀመሪያው አምስት እጥፍ ተኩል ያህል ይሰፋል። ከሦስተኛው የሚወጣው እንፋሎት በባሕር ውሃ በሚቀዘቅዙ ቱቦዎች ላይ አልፎ ወደ ውሃነት ይመለሳል፣ ወደ ቦይለሩም ተመልሶ ይገባል። በቦይለሩ ውስጥ የሚዞረው ጨው አልባ ውሃ ስለሆነ፣ የባሕር ውሃ ያፈሉ የነበሩትን ቦይለሮች ያስቸግር የነበረው የጨው ክምችት እዚህ የለም።

አበርዲን እ.ኤ.አ. በ1882 4,000 ቶን ጭነት ይዛ ከፕሊመዝ ተነሥታ በ42 ቀን ሜልቦርን ገባች። የመርከብ ባለቤቶች ውጤቱን ካዩ በኋላ ሞተሩ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የአዳዲስ ጭነት መርከቦች መደበኛ ሞተር ሆነ። ተርባይን (እንፋሎት የሚያሽከረክረው ሞተር) እና ናፍጣ ሞተር ከመጡም በኋላ አልጠፋም፦ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተርባይን ለጦር መርከቦች በመፈለጉ፣ አሜሪካ የሠራቻቸው ከ2,700 በላይ የሊበርቲ ጭነት መርከቦች የተንቀሳቀሱት በዚሁ ባለ ሦስት ደረጃ ሞተር ነበር።