ጆሴይ ማንጋ ምንድን ነው?

ማንጋ፣ ማለትም የጃፓን የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ፣ ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው ናሩቶ ወይም ዋን ፒስ ነው። ፍልሚያ፣ ጩኸት፣ «ተስፋ አልቆርጥም» የሚል ልጅ። ጃፓን ውስጥ ግን የማንጋ መጽሔት ሲታተም መጀመሪያ የሚለየው አንባቢው ነው። ለወንድ ልጆች የሚወጣው ሾነን ይባላል። ለልጃገረዶች ሾጆ፣ ለጎልማሳ ወንዶች ደግሞ ሴይነን። አራተኛው ጆሴይ ነው። አንባቢዎቹ ትምህርት ጨርሰው ሥራ የያዙ፣ የወር መጨረሻ ሲደርስ የቤት ኪራይ የሚያሳስባቸው ሴቶች ናቸው።

እና ጆሴይ የታሪክ ዓይነት አይደለም። ውስጡ ፍቅርም፣ ግድያም፣ ምግብ ማብሰልም ሊኖር ይችላል። አንድን ማንጋ ጆሴይ የሚያሰኘው የወጣበት መጽሔት ነው። እነዚህ መጽሔቶች በብዛት መታየት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ነው። ሾጆ እያነበቡ ያደጉት ልጆች አደጉ፤ ማንበቡን ግን አልተዉትም። አሳታሚዎችም ይህን ገበያ ዝም ብለው አላለፉትም።

ለእኔ ጆሴይ ጎልቶ የሚታየኝ በሁለት ነገር ነው፤ በጓደኝነትና በአለባበስ። ተማሪ ሳለን ጓደኛ ማፍራት ብዙ አያለፋም። አንድ ክፍል ናችሁ፣ በየቀኑ ትገናኛላችሁ፣ አለቀ። ከሃያ ዓመት በኋላ ግን ጓደኛ ካልፈለጉት አይመጣም፤ ከመጣም በኋላ ጊዜ ይጠይቃል። የትምህርት ቤት ማንጋዎች ይህን ጣጣ አያውቁትም። ጆሴይ ያውቀዋል።

ጥሩ ማሳያው የአኪኮ ሂጋሺሙራ «ኩራጌሂሜ» ነው። ለእንግሊዝኛ አንባቢ «ፕሪንሰስ ጄሊፊሽ» በሚል ስም ደርሷል። እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2017 «ኪስ» በተባለው መጽሔት ላይ በተከታታይ ወጣ። ኪስ የአዋቂ ሴቶች መጽሔት ነው። የሚያስቀው፣ በ2010 የአሳታሚውን የኮዳንሻን የማንጋ ሽልማት ያገኘው በሾጆ ዘርፍ ነው። የመደርደሪያው ስም ከዚህ በላይ ጥብቅ አይደለም ማለት ነው።

ጹኪሚ የ18 ዓመት ልጅ ናት። ሠዓሊ ለመሆን ከካጎሺማ ወደ ቶኪዮ መጥታ፣ ሴቶች ብቻ በሚኖሩበት አሮጌ ቤት ተከራይታ ትኖራለች። የቤቱ ሰዎች እያንዳንዳቸው የሚያብዱለት ነገር አላቸው። አንዷ ባቡር፣ አንዷ ኪሞኖ፣ አንዷ የቻይና የሦስቱ መንግሥታት ታሪክ፣ አንዷ ደግሞ ሸምገል ያሉ ወንዶች። የጹኪሚ ጄሊፊሽ የሚባለው የባሕር እንስሳ ነው። አንዷ ተከራይ እንዲያውም የማንጋ ደራሲ ናት፤ ከክፍሏ አትወጣም፤ መልስ ስትሰጥ ወረቀት በበሩ ሥር ታሾልካለች። ቱታና ጠቃሚ እንጂ ቆንጆ ያልሆነ ልብስ ይለብሳሉ። ዘናጭ ሰው ካናገራቸው ቃል በቃል ድንጋይ ሆነው ይሣላሉ። ወንድ እዚያ ቤት ድርሽ አይልም።

አንድ ማታ ጹኪሚ የእንስሳት መሸጫ ሱቅ መስኮት ላይ ሁለት ዓይነት ጄሊፊሾች በአንድ ገንዳ ውስጥ ታያለች። አብረው ካደሩ አንዱ እንደሚሞት ታውቃለች። ለሻጩ ልትነግረው ገብታ አፏ ይተሳሰራል። እሱም ይቆጣታል። ከየት መጣች ሳይባል አንዲት ሽክ ያለች ቆንጆ ጣልቃ ገብታ ጄሊፊሹን ታስጥልላታለች። አብራት ወደ ቤት ሄዳ እዚያው ታድራለች። ጠዋት ጹኪሚ ስትነቃ ዊጉ ወልቋል፤ እንግዳዋ ወንድ ነው።

ስሙ ኩራኖሱኬ ነው። የፖለቲከኛ ልጅ ነው። የሴት ልብስ የሚለብሰው አንድም አባቱ ከሚፈልጉለት የፖለቲካ ሕይወት ለማምለጥ ነው፤ አንድም ልብስ ከተለያት እናቱ ጋር የሚያገናኘው ነገር ስለሆነ ነው። ከዚያም በላይ ደስ ይለዋል። የሚወደው ሴቶችን ነው። ራሱንም እንደ ወንድ ነው የሚያየው። አንባቢ እዚህ ጋ ሦስት ነገሮችን ለየብቻ እንዲያስቀምጥ ይገደዳል፤ ሰው ራሱን ምን ብሎ እንደሚያውቅ፣ ማንን እንደሚወድ፣ ምን ለብሶና እንዴት ተራምዶ እንደሚታይ። የፆታ አገላለጽ የሚባለው ይህ የመጨረሻው ነው።

በማንጋ ውስጥ ልብስ መቀያየር አዲስ አይደለም። የማንጋ ደራሲው ኦሳሙ ቴዙካ ያደገው ታካራዙካ ከተማ ነው፤ እዚያ ከ1914 ጀምሮ ሴቶች ብቻ የሚተውኑበት፣ የወንዱንም ገጸ ባሕርይ ሴት የምትጫወትበት ቲያትር አለ። በ1953 የጀመረው የልዕልት ሳፋየር ታሪክ ከዚያ የወጣ ነው። ሳፋየር ዙፋን መውረስ የሚችለው ወንድ ብቻ ስለሆነ እንደ ልዑል ታድጋለች። በ1972 የመጣችው የሪዮኮ ኢኬዳ ማንጋ ገጸ ባሕርይ ኦስካርም አባቷ እንደ ወንድ ያሳደጓት መኮንን ናት። ሁለቱንም ያለበሳቸው ሌላ ሰው ነው። ኩራኖሱኬን ግን ማንም አላስገደደውም። ልብሱን የመረጠው ራሱ ነው። ጦርነቱም የቤተ መንግሥት ሳይሆን የቤት ነው፤ የሚኖሩበት ሰፈር ሊፈርስ ነው።

ሴቶቹ ቤቱን ለማትረፍ ገንዘብ ያስፈልጋቸዋል። ኩራኖሱኬ ጹኪሚ የምትሥላቸውን ጄሊፊሾች ወደ ቀሚስ እንለውጥ ይላል። ባቡር ወዳዷም፣ ኪሞኖ ወዳዷም መርፌ ይዘው ይቀመጣሉ። ጓደኝነቱ የሚሠራው እዚህ ነው። «እወድሻለሁ» የሚባባል የለም። ጨርቅ ይቆረጣል፣ ይነታረካሉ፣ ይበላል፣ ይነጋል። ወንድ መሆኑን የምታውቀው ጹኪሚ ብቻ ስለሆነች ሌሎቹ ኩራኮ እያሉ ይጠሩታል። እሱ ደግሞ ሰው በመልክ ይፈርዳልና ልብስን እንደ ጋሻ ልበሱት ብሎ ይሞግታቸዋል። ጹኪሚ ቀሚስና ሜካፕ ሲደረግላት ታምራለች፤ ግን ስታወልቀው ያው ጹኪሚ ናት። ሂጋሺሙራ ቱታዋን እንደ በሽታ አትፈውሰውም። እኔ ከሁሉም የወደድኩላት ይህን ነው።

የማልወደውም አለ። ታሪኩ እየገፋ ሲሄድ የፋሽን ንግዱና የፍቅር ሦስት ማዕዘኑ ሰፊ ቦታ ይይዛሉ፤ የቤቱ ሴቶች ወደ ዳር ይገፋሉ። አንዳንዶቹም እስከ መጨረሻው ማሳቂያ ብቻ ሆነው ይቀራሉ።

ይህ ጉዳይ በጆሴይ መጽሔቶች ብቻ አልቀረም። ዩህኪ ካማታኒ በ2015 የጀመረው «ሺማናሚ ታሶጋሬ» ኦኖሚቺ በምትባል የወደብ ከተማ ውስጥ፣ ራሳቸውን ደብቀው የኖሩ ሰዎች የሚሰባሰቡበትን ቤት ያሳያል። የወጣው በሴይነን መጽሔት ነው። ድምፀቱ ከኩራጌሂሜ በጣም የከበደ ነው፤ ሳቅ ለፈለገ አይሆንም።

ለመጀመር የሚፈልግ ከኩራጌሂሜ ይጀምር። በ2010 የወጣው አኒሜ (የካርቱን ፊልሙ) 11 ክፍል ብቻ ነው፤ በሁለት ማታ ያልቃል። ግን ማንጋው ገና ሳያልቅ ስለተሠራ መሃል መንገድ ላይ ይቆማል። ቀሚሶቹ ተሽጠው ቤቱ ይትረፍ አይትረፍ ማወቅ የፈለገ 17ቱን የጃፓንኛ ቅጾች፣ ወይም በእንግሊዝኛ በ9 ወፋፍራም ቅጾች የታተመውን ያንብብ።