ስቴንለስ ብሎን በመኪና ላይ፦ አመራረጡና እንዳይነክስ ማድረግ

ፖርቶመጋላ፣ ተጨማሪ መብራት፣ የጎን መረማመጃ፣ የታርጋ ማቀፊያ። መኪና ላይ በኋላ የሚገጠም ዕቃ ብዙ ነው፤ ሁሉንም የሚይዘው ግን ብሎንና ዳዶ ነው። የድሮው ብሎን ሲዝግ ወይም ወልቆ ሲጠፋ አብዛኛው ሰው ስቴንለስ ይገዛል። ጥሩ ምርጫ ነው፤ ግን ለሁሉም ቦታ አይሆንም፣ አገጣጠሙም ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ አለዚያ ይነክሳል፣ ማለትም ዳዶው ብሎኑ ላይ ተጣብቆ ይቀራል።

መጀመሪያ ልኩ ነው። ኤም 8 ሲባል የጥርሱ የውጭ ስፋት 8 ሚሊሜትር ማለት ነው፤ የቁልፉ ቁጥር ሌላ ነገር ነው። እኛ ዘንድ ቶዮታ ስለሚበዛ ይህ ብዙ ሰው ያሳስታል። የጃፓን መኪና ላይ ኤም 8 አብዛኛውን ጊዜ በ12 ቁልፍ ይፈታል፤ ሱቅ ውስጥ ያለው የተለመደው ስቴንለስ ግን በ13 ነው። የጭንቅላቱ ልዩነት ችግር የለውም። ጉዳት የሚያመጣው ጥርሱ ነው። የጃፓን ኤም 10 ብዙውን ጊዜ ከጥርስ እስከ ጥርስ 1.25 ሚሊሜትር ሲሆን የተለመደው የገበያ ኤም 10 ደግሞ 1.5 ነው። የገበያው ብሎን የመኪናው ቀዳዳ ውስጥ አንድ ሁለት ዙር ይገባና ይጠብቃል። ያኔ በጉልበት ከተገፋ የመኪናው ጥርስ ይበላል። ስለዚህ ሶማሌ ተራ ሲወርዱ አሮጌውን ብሎን ይዘው ይሂዱ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስተኝተው ጥርስ በጥርስ ያጋቧቸው። በመሃል ብርሃን ከታየ ይመልሱት።

ቀጥሎ ጥንካሬው። «ስቴንለስ ስለሆነ ጠንካራ ነው» የሚለው አባባል ስህተት ነው። ጭንቅላቱ ላይ ኤ2-70 የሚል ብሎን (ኤ2 የስቴንለሱ ዓይነት፣ 70 የጥንካሬው ደረጃ ነው) ሳይበጠስ 700 ሜጋፓስካል (የመሳብ ኃይል መለኪያ) ይችላል፤ ተለጥጦ መቅረት የሚጀምረው ግን 450 አካባቢ ላይ ነው። 8.8 የተጻፈበት ተራ ብረት እስከ 640 ድረስ ተለጥጦ አይቀርም። ስለዚህ የመጎተቻ ጋንቾ፣ የወንበርና የቀበቶ ማሰሪያ፣ የፍሬንና የእግር (ጎማ የሚሸከሙ) ክፍሎች ላይ ፋብሪካው ያስቀመጠውን ደረጃ መመለስ ግዴታ ነው። እዚህ ላይ ለውበት ብሎ መቀየር በሰው ሕይወት መጫወት ነው። ለታርጋና ለመብራት ኤ2 ይበቃል። ጅቡቲ ለሚመላለስ መኪና ግን ሞሊብዲነም የሚባል ብረት ያለበት የስቴንለስ ዓይነት፣ ኤ4፣ ይሻላል፤ የባሕር ጨው ኤ2ንም ይበላዋል።

አሁን ወደ መንከስ እንምጣ። ብዙዎች የተነከሰ ስቴንለስ ዝጎ ይመስላቸዋል። አይደለም። ስቴንለስን ከዝገት የሚጠብቀው ላዩ ላይ ያለ እጅግ ስስ የክሮሚየም ኦክሳይድ ሽፋን ነው። ዳዶ ሲጠብቅ ጥርሶቹ ይፋተጋሉ፤ ሽፋኑ ይላጥና እርቃኑን የቀረ ብረት ከብረት ጋር ይበየዳል። አዲስ ብሎን፣ ንጹሕ ዳዶ፣ ግን መሃል ላይ ቀጥ ይላል! ወደፊትም ወደኋላም አይልም። ፍጥነት ሙቀት ስለሚጨምር በአየር ወይም በባትሪ ማጥበቂያ ሲገጠም ይብሳል። ውስጡ የናይለን ቀለበት ያለው የስቴንለስ ዳዶ ደግሞ ገና ከመጀመሪያው ስለሚፋተግ በተለይ ይነክሳል።

መከላከያው ቀላል ነው። ጥርሱን ከአቧራና ከብረት ብናኝ ያጽዱ። አንቲሲዝ የሚባለውን ቅባት በስሱ ይቀቡ፤ ከጠፋ ግራሶም ከባዶ ይሻላል። ዳዶውን በጣት ያስኪዱ፣ መጨረሻውን በእጅ ቁልፍ ቀስ ብለው ያጥብቁ። ኤ2 ብሎን ከኤ4 ዳዶ ጋር ማጋባትም ይረዳል። ቅባት ሲኖር ያው ጉልበት ብሎኑን የበለጠ ስለሚስበው የሚያጠብቁበትን ጉልበት መቀነስ አለብዎት። ሲያጥብቁ ዳዶው ድንገት ከከበደ ወዲያው ያቁሙ። ትንሽ ወደኋላ መልሰው ቅባት ጨምረው ይሞክሩ።

አሉሚኒየም ፖርቶመጋላ ላይ ሌላ ጉዳይ አለ። ስቴንለስና አሉሚኒየም ውሃ ሲያገናኛቸው የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው። ነጭ ዱቄት ይወጣል፤ ብሎኑንም ቀዳዳው ውስጥ ይቆልፈዋል። የናይለን ሮንዴላ እና ጥርሱ ላይ የሚቀባው ቅባት ሁለቱን ብረቶች ይለያያሉ። ተቆልፎ ከሆነ ግን ዙሪያውን ማሞቅ ይረዳል፤ አሉሚኒየም ከስቴንለስ ይበልጥ ስለሚሰፋ ቀዳዳው ይላላል።

ስቴንለስ ከስቴንለስ ጋር ከተበየደ ዘይት መርጨት ብዙም አይፈይድም፤ ዘይቱ የሚገባበት ክፍተት የለም። ዳዶውን በግራይንደር ከጎኑ መሰንጠቅ ወይም ብሎኑን ቆርጦ መጣል ነው ያለው። የተነከሰ ጥርስ ደግሞ ተመልሶ አይሠራም፤ ብሎኑም ዳዶውም አብረው ይቀየራሉ።