«ሰውነቴ መድኃኒቱን ለመደው»፦ ስለ ደም ካንሰር ኪኒን የሚባለውና እውነታው

ሲኤምኤል ለሚባለው ሥር የሰደደ የደም ካንሰር ኢማቲኒብ የሚወስድ ሰው ደሴም ይኑር ኮምቦልቻ እነዚህን አባባሎች ሳይሰማ አይቀርም።

«ሰውነቴ ለመደው።»
የሚለወጠው ሰውነት ሳይሆን የካንሰሩ ሴል ነው። ይህን በሽታ የሚነዳው ቢሲአር-ኤቢኤል የሚባል ፕሮቲን ነው፤ ኢማቲኒብ ፕሮቲኑ ላይ ባለች ጎድጓዳ ቦታ ተሰክቶ ሥራውን ያስቆማል። ሴሎች ሲባዙ ግን የዘር ቅጂያቸው ይሳሳታል። ስህተቱ የዚያችን ጎድጓዳ ቅርጽ ካበላሸ መድኃኒቱ መሰኪያ ያጣል። ሌሎቹ ሲሞቱ ያ ሴል ብቻውን ይባዛል። ክፉው የፕሮቲኑ 315ኛ አሚኖ አሲድ (ፕሮቲን የሚሠራበት ቅንጣት) ላይ የሚመጣው ነው፦ ትሬዮኒን የሚባለው ቅንጣት በአይሶሉሲን ሲተካ የኢማቲኒብ ዓይነት ኪኒኖች የሆኑት ዳሳቲኒብና ኒሎቲኒብም አይሠሩም፣ ፖናቲኒብ ግን ይሠራል። «ጠንከር ያለ ይታዘዝልኝ» ከማለት በፊት የለውጡን ዓይነት መመርመር የሚቀድመው ለዚህ ነው።

«ነጭ የደም ሴሌ ተስተካክሏል፣ ድኛለሁ።»
ተራው የደም ቆጠራ ላይ ላዩን ነው የሚያየው። ቁርጡን የሚናገረው ደም ውስጥ የቀረውን የቢሲአር-ኤቢኤል የዘር ቅጂ የሚለካው ፒሲአር የሚባል ምርመራ ነው፤ ውጤቱ በ3 ወር ከ10 በመቶ፣ በ6 ወር ከ1 በመቶ፣ በ12 ወር ከ0.1 በመቶ ባይበልጥ ይፈለጋል። ቁጥሩ ሲያሻቅብ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ኪኒን አምልጦህ ነበር?» ነው።

«ጾም ሲገባ ላቋርጠው።»
የተለመደው መጠን በቀን አንዴ 400 ሚሊግራም ነው፣ ከምግብና ከአንድ ትልቅ ብርጭቆ ውሃ ጋር። ምግቡ ጨጓራ እንዳይቆጣ ነው እንጂ ሥጋና ወተት ፈልጎ አይደለም፤ ሽሮም ይበቃዋል። ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ ሰዓቱን ወደ አፍጥር ወይም ከጾም ሰዓት በኋላ ወደሚበላው ምሳ ማዛወር ይቻላል። ኒሎቲኒብ ግን ተቃራኒው ነው፦ ከተበላ 2 ሰዓት ቆይቶ ይዋጣል፣ ከዚያም 1 ሰዓት አይበላም።

«ትናንት ስለረሳሁ ዛሬ ሁለት።»
አይሆንም። መደበኛውን ብቻ። አዲስ አበባ ድረስ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ መድኃኒት የሚያመጣ ሰው ደግሞ እሽጉ ላይ 10 ኪኒን ሲቀር መንገዱን ቢያስብ ይሻላል።

«የቲቢ መድኃኒት ምን አገናኘው?»
በጣም ይገናኛል። ሽንት የሚያቀላው ሪፋምፒሲን ጉበት ኢማቲኒብን ቶሎ እንዲያፈርስ ያደርጋል፤ ደም ውስጥ የሚቀረው ሩብ ያህል ብቻ ነው። የሚጥል በሽታ መድኃኒቶቹ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒንም እንዲሁ ያደርጋሉ። ሴሉ ሳይለወጥ ሰውነት መድኃኒቱን የለመደው ይመስላል። ሁለቱንም በራስ ማቆም ሳይሆን የቲቢውን ካርድ ለደም ሐኪሙ፣ የኢማቲኒቡን እሽግ ለቲቢ ክፍሉ ማሳየት ነው።