ትሮኒ ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ የጥበብ ፕሮግራም ላይ ተንታኙ የ17ኛው ክፍለ ዘመን የሆላንድ ሠዓሊ የቬርሜርን «የዕንቁ ጉትቻ ያደረገች ልጅ» «በዓለም የታወቀ ፖርትሬት» አለው። ከዚያ ልጅቷ የሠዓሊው ልጅ ናት ወይስ የቤት ሠራተኛው እያለ ብዙ ደቂቃ ፈጀ። ይህን ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ቆጥሬ አልዘልቀውም። ሥዕሉ ፖርትሬት አይደለም። ትሮኒ ነው።

ቃሉ የድሮ የሆላንድ ቃል ነው፤ «ፊት» ማለት ነው። ፖርትሬት በትእዛዝ ይሠራል። ያዘዘው ሰው ይከፍላል፣ ሥዕሉም እሱን መምሰል አለበት። ትሮኒ ግን ለገበያ ነው። ሠዓሊው አንድ ፊት ይወስድና ብርሃን፣ ስሜት፣ እርጅና ወይም እንግዳ አለባበስ ያሳይበታል። ገዢም የሚከፍለው ለዚያ ነው። የሆላንድ ሠዓሊዎቹ ሬምብራንትና ያን ሊቨንስ በወጣትነታቸው ላይደን ከተማ ውስጥ ብዙ ሠርተዋል።

«አበበ በሶ በላ»ን አስቡ። ፊደል የለየነው በእሱ ነው። የትኛው አበበ ብሎ የጠየቀ ተማሪ አለ? አበበ የመጣው «በ»ን ሊያሳየን ነው። የቬርሜርም ልጅ እንደዚያው ናት። የመጣችው ብርሃን እርጥብ ከንፈር ላይ እንዴት እንደሚያርፍ ልታሳየን ነው። ጫላም ጩቤ የጨበጠው «ጨ» ስለሚያስፈልግ ነው። የልጅቷ ሰማያዊና ቢጫ ጥምጥምም እንዲሁ ነው። ሥዕሉ በተሠራበት በ1665 አካባቢ፣ በቬርሜር ከተማ በዴልፍት ሴቶች እንደዚያ ጠምጥመው ገበያ አይወጡም ነበር። ዕንቁው ራሱ ጥቂት የነጭ ቀለም ንክኪ ነው፤ ከጆሮዋ ጋር የሚያያዝበት ማንጠልጠያ እንኳ የለውም።

«ታዲያ ፊቱ ከየት መጣ? ሞዴል አልነበረችም?» ይለኝ ይሆናል ተንታኙ። ትኖር ይሆናል። መምህሩም አበበ የሚባል ጎረቤት ይኖረው ይሆናል። ዓረፍተ ነገሩ ግን ስለ ጎረቤቱ አይደለም።

ቃሉን እኛ አልፈጠርነውም። በ1696 አምስተርዳም ውስጥ 21 የቬርሜር ሥዕሎች በጨረታ ሲሸጡ ሦስቱ በዝርዝሩ ላይ «ትሮኒ» ተብለው ተጽፈዋል። አንደኛው «በጥንታዊ ልብስ፣ እጅግ በጥበብ የተሠራ» ይላል፤ 36 ጊልደር (የያኔው የሆላንድ ገንዘብ) አወጣ። በዚያው ጨረታ የከተማ ሥዕሉ «የዴልፍት እይታ» 200 ጊልደር ተሸጧል። የእኛዋ ልጅ ከሦስቱ አንዷ ናት የሚሉ አሉ፤ ዝርዝሩ ግን ለማስረጃ አይበቃም። ደግሞ የዘመኑ ሰዎች ቃሉን ላላ አድርገው ነበር የሚጠቀሙበት፤ ጥብቁን ድንበር ያሰመሩት የኋላ ተመራማሪዎች ናቸው።

ሙያዬ የሥዕል እድሳት ስለሆነ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ተንታኙ «ከጨለማ ብቅ ያለች ምስጢራዊት ልጅ» አላት። ያ ጨለማ የቬርሜር አይደለም! ከጀርባዋ ያለው አንጸባራቂ አረንጓዴ ነበር። ኢንዲጎ ከሚባል ሰማያዊና ከአንድ ቢጫ የዕፅ ማቅለሚያ የተሠራ ስስ ሽፋን ነው፤ እነዚህ ማቅለሚያዎች ብርሃን አይችሉም፣ ይደበዝዛሉ። በ2018 ዘ ሄግ በሚገኘው የማውሪትስሃውስ ሙዚየም ሥዕሉ ሲመረመር የመጋረጃ እጥፋት ታየ። ዛሬ በዓይን የማይታዩ ስስ ሽፋሽፍትም ተገኙላት። ይኼ ግኝት እሷን የበለጠ ሰው፣ የበለጠ ቦታ ያላት አደረጋት፤ ይህን አልክድም። ፖርትሬት ግን አላደረጋትም። የአፍንጫዋን መስመር እዩት፤ ከጉንጯ የሚለየው ጠርዝ የለም ማለት ይቻላል። መታወቂያ የሚሆን ፊት እንዲያ አይሣልም።

እዚያው ሙዚየም የሬምብራንት «ሁለት አፍሪካውያን» አለ፤ 1661 ተጽፎበታል። እሱንም ብዙዎች ከትሮኒ ይመድቡታል። በዚያ ሥዕል ፊት ግን «እነማን ናቸው?» ማለት ተገቢ ጥያቄ ነው እላለሁ። ምክንያቱም የሚጠየቀው ሥዕሉ ሳይሆን መዝገቡ ነው። በዚያ ዘመን ሬምብራንት በኖረበት ሰፈር አካባቢ ጥቁር ነዋሪዎች ነበሩ፤ የጋብቻና የክርስትና ሰነዶቻቸው በስማቸው ተጽፈው የአምስተርዳም ቤተ መዛግብት ውስጥ ይገኛሉ።