«ጌጁ ግማሽ ይላል፣ ይበቃል»፦ ስለ ትንሽ አውሮፕላን ነዳጅ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

መኪና ነዳጅ ሲጨርስ ዳር ይዞ ይቆማል። አውሮፕላን ዳር የሚይዝበት ቦታ የለውም። ነዳጅ አልቆ ሞተር የሚጠፋበት አደጋ ደግሞ መሬት ላይ እያሉ መከላከል የሚቻል ነው። ስለዚህ በግል አብራሪዎችና በተማሪዎች ዘንድ የሚሰሙ አንዳንድ አባባሎች በጣም ያሳስቡኛል። ምሳሌዬ ብዙ ሰው ማብረር የሚማርበት ሴስና 172 ኤስ የተባለው ትንሽ አውሮፕላን ነው።

«ጌጁ ግማሽ ይላል፣ ይበቃል»

ጌጁን ብቻ አትመኑ። ብዙውን ጊዜ የሚለካው ነዳጁ ላይ በሚንሳፈፍ ዕቃ ነው፤ ነዳጁ ሲናጥ መርፌውም አብሮ ይወዛወዛል። ወደ ክንፉ ውጡ፣ ክዳኑን ክፈቱ፣ ለዚያው አውሮፕላን የተሠራውን መለኪያ ዘንግ እስከ ታች ስደዱት። አውጥታችሁ እርጥቡ የት ድረስ እንደደረሰ አንብቡ። ክዳኑን መልሳችሁ አጥብቁ። አንድ ነገር ደግሞ አለ፦ ታንኮቹ 56 ጋሎን ቢይዙም ሒሳብ ውስጥ የሚገባው 53ቱ ብቻ ነው፤ የቀረው በበረራ ላይ ለሞተሩ አይደርስም ተብሎ ይታሰባል።

«አጭር በረራ ነው፣ ያለው ይበቃኛል»

ጥቅምት 1990 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ኦክቶበር 12 ቀን 1997) አሜሪካዊው ዘፋኝ ጆን ዴንቨር ካሊፎርኒያ፣ ሞንተሬይ ባሕር ላይ ወድቆ ሞተ። የሚያበራት ሎንግ ኢዚ የምትባል በግለሰብ የተሠራች ትንሽ አውሮፕላን ነበረች። ከመነሳቱ በፊት ነዳጅ ይሞላልህ ሲባል አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው የምበረው ብሎ ተወው። ሞተሩ ነዳጅ የሚወስድበትን ታንክ የሚቀይረው እጀታ ከግራ ትከሻው ኋላ ነበር፤ ለመድረስ አስቸጋሪ ነው። የአሜሪካ መርማሪዎች እሱን ለመቀየር ሲሞክር አውሮፕላኑን መቆጣጠር እንዳቃተው ደመደሙ። ነዳጅ ሳይሞላ መነሳቱንም ከአደጋው ምክንያቶች ቆጠሩት። መሬት ላይ ጥቂት ደቂቃ ቢያጠፋ ኖሮ ታንክ ለመቀየር መዞር ላያስፈልገው ይችል ነበር። ይህ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

«ሕጉ 30 ደቂቃ መጠባበቂያ ይላል፣ በቃ»

አሜሪካ ውስጥ በዓይን እያዩ ለሚበሩ ሕጉ ቀን 30፣ ሌሊት 45 ደቂቃ ይላል። ይህ ግን የመጨረሻው ወለል ነው። ርቀቱን ሳይሆን ሰዓቱን አስሉ። 240 ኖቲካል ማይል በ120 ኖት (በሰዓት 120 ኖቲካል ማይል) 2 ሰዓት ነው። 30 ኖት የፊት ነፋስ ሲመጣ 2 ሰዓት ከ40 ይሆናል። ሞተሩ በሰዓት 9 ጋሎን ቢበላ፣ ያቺ 40 ደቂቃ 6 ጋሎን ናት። ከ30 ደቂቃው መጠባበቂያ በላይ ሄደች ማለት ነው። እኔ ብሆን ቀንም ሌሊትም ከአንድ ሰዓት በታች አላቅድም።

«ሚክስቸር ለመነሳት ሁልጊዜ እስከ ጥግ ይገፋል»

ሚክስቸር ከአየሩ ጋር ወደ ሞተሩ የሚገባውን ነዳጅ መጠን የሚቆጣጠር እጀታ ነው፤ እስከ ጥግ ሲገፋ ነዳጁ ይበዛል። ባሕር ጠለል አካባቢ፣ አዎ። አዲስ አበባ ቦሌ ግን 2,334 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ስስ ነው፤ ተርቦ (አየር አምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ነዳጅ ይበዛበትና ጉልበት ያጣል። የአውሮፕላኑ መመሪያ መጽሐፍ በሚለው መሠረት ነዳጁን መቀነስ፣ ማለትም ማሳሳት ያስፈልጋል። በመንገድ ላይም ያላሳሳ ሰው መጽሐፉ የሚለውን ፍጆታ አያገኝም፤ ሠንጠረዡ የተሠራው አሳስቶ ለሚበር ነው።

«ታንክ ሙሉ ከሆነ ችግር የለም»

ሒሳብ ውስጥ የሚገባው 53 ጋሎን ነዳጅ ወደ 144 ኪሎ ይመዝናል። አራት ትልልቅ ሰዎች ከነሻንጣቸው ሲጨመሩ ብዙ ጊዜ ከተፈቀደው ክብደት ይበልጣል። ወይ ሰው ወይ ነዳጅ ይቀነሳል፤ ነዳጅ ከተቀነሰ መሀል ላይ አርፎ መሙላት ነው።

«ትናንት ቀድቼ አይቻለሁ፣ ውሃ የለም»

ሌሊት ዝናብ ከነበረስ? የክዳኑ ጎማ ካረጀ ውሃ ይገባል። ውሃ ከነዳጅ ይከብዳልና ታች ይቀመጣል። 172 ኤስ ነዳጅ ከሥር ለናሙና የሚቀዳበት 13 ቦታ አለው፤ ሁሉንም እዩ። በግልጹ ኩባያ ቀድታችሁ ወደ ሰማይ ያዙት። አቭጋስ (የዚህ ዓይነት ትንሽ አውሮፕላን ቤንዚን) ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ነው፤ ውሃው ከሥር እንደ ዶቃ ተጠቅልሎ ይንከባለላል። ኩባያው ሙሉ ውሃ ከሆነ ግን ምንም መለያ መስመር አይታይምና ቀለሙን ልብ በሉ። የጄት ነዳጅ ተቀላቅሏል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ነጭ ወረቀት ላይ ጠብ አድርጉት፤ አቭጋስ ተንኖ ይጠፋል፣ የጄት ነዳጅ የቅባት ክብ ይተዋል። ውሃ ካያችሁ ኩባያውን በተዘጋጀው ዕቃ ውስጥ ገልብጡና እስኪጠራ ድጋሚ ቅዱ። ካልጠራ በረራው ለዛሬ ይቅር፣ ሜካኒክ ይጠራ።